ሞቆ የጠበቀን ሞተር

አጎቴ ቦጉሚል ወሬ አይወድም።
ከቤታችን እስከ ናሬቭ ወንዝ ማዶ፣
አርባ ኪሎ ሜትር ተነድቶ ተነድቶ
ከአፉ የወጣው ይህ ብቻ ነው፦
«ዋጋ ሳታነሺ፣ ኮፈን ሳትከፍቺ
መዳፍሽን በሞተሩ ደረት ላይ አሳርፊ።
ከቀዘቀዘ ጠይቂው፤
ከሞቀ ግን እወቂው፣
ምስክሩን ሰው ቀድሞሽ መክሮታል።»

የኅዳር ማለዳ ነው። ውርጩ ሣሩን ጨው አልብሶታል።
ሽማግሌው ዜኖን ቆቡን ጨብጦ በር ላይ ቆሟል።
ከጎተራው ጥግ ያ «ኡርሱስ»፣
ባለ ሁለት ፒስተን፣ በዕድሜ ታላቄ፣
አፍንጫው ላይ ትኩስ ቀይ ቀለም፣
ሙሽራ ልምሰል ያለ ሽማግሌ።

ጓንቴን አወለቅሁ፤ ዳሰስሁ።
ሞቋል።
አጎቴን አየሁት። አጎቴ ሰማይ ሰማዩን አየ።

ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር!
የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዤ ቀስ ብዬ ፈታሁት፣
ውሃው ላይ የዘይት ቀስተ ደመና ፈለግሁ፤ አጣሁት።
የዘይቱን መለኪያ መዝዤ በሁለት ጣት አሸሁት፤
ጥቁር ነው። ይሁን፣ ጥቁረት የሥራ ነው፤
እኔን የሚያስፈራኝ ወተት የመሰለው፣
ዘይትና ውሃ ተሰርቀው የወለዱት ነው።

ቀይ ቀለሙን በጥፍሬ ፋቅሁ፤
ከሥሩ ጠማማ ብየዳ፣ በችኮላ እንደተሰፋ ቁስል።
«በሰማንያ ስድስት ክረምት ነው» አለ ዜኖን ሳልጠይቀው፣
«ውሃውን ሳላፈስ ተኛሁ፤ በረዶው ሰነጠቀው።
ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የእሱ አይደለም።»

መሪው ሩብ ዙር ዞሮ ጎማው ገና አልሰማም፣
ሚስቱ ስትጠራው እንደሚያንቀላፋ ባል።
ሦስተኛው ማርሽ ቁልቁለት ሲያይ ይዘላል።
ሃይድሮሊኩ ማረሻውን አነሣና
አጎቴ አንድ ሲጋራ አጭሶ እስኪጨርስ
ቀስ እያለ፣ እያፈረ፣ መሬት አስነካው።
ሁሉንም በእርሳስ ጻፍሁ፤ ይኸ ይቀነስ፣ ያም ይቀነስ።
ሙቀቱን ግን የት ልጻፈው?
ሁለት ላም ሸጬ ነው የመጣሁት።

የኋላውን ጎማ ስንጥቅ ላይ ጎንበስ አልሁ።
በጥርሶቹ መሃል አፈር፤ እርጥብ፣ ውርጭ ያልነካው፣
አንዲት የምድር ትል አሁንም የምትላወስበት።
ተነሥቼ ከጎተራው ጀርባ ዞርሁ።
በነጩ ሜዳ ላይ አንድ ጥቁር ፈር፣
ሲሄድ እንደ ገመድ ቀጥ ያለ፣
ሲመለስ ግን የተንገዳገደ።
በኅዳር፣ በአንድ ፈር፣ ማን ምን ይዘራል?

ዜኖን አልተከተለኝም።
ውሸት ነበር ወይስ ስንብት?
ወይስ ሰው ሁለቱን ባንድ ማለዳ ይችላል?
«ነገ እንመጣለን» አለ አጎቴ፤ «እስከዚያ አትንካው።»

በማግሥቱ ብረቱ መዳፌን ሊያስቀር ምንም አልቀረው።
ሽማግሌው እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ
ከአጥሩ ሥር ራቅ ብሎ ቆመ፣ አልነካሁም ለማለት ይመስል።
ቁልፉን አዞርሁ። አቃሰተ።
አዞርሁ። ነጭ ጭስ።
በሦስተኛው ሰማያዊ፣ ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ፤
ሳል፤ ከዚያ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፣
የጎተራው መስኮት ተንቀጠቀጠ።
አጎቴ በሁለት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አፍንጫውን ጠረገ።

የማርሹን አስቀነስሁ፣ የመሪውን፣ የብየዳውን።
ዝሎቲውን ሁለቴ ቆጠረ፤
ሲቆጥር ከንፈሩ እንጂ ዓይኑ እዚያ አልነበረም።
ለምን አሞቅኸው አላልሁትም።

አርባውን ኪሎ ሜትር በትራክተር ፍጥነት ተመለስሁ፣
አጎቴ ከኋላዬ በመኪናው መብራቱን አብርቶ፤
ቁልቁለት በመጣ ቁጥር
ሦስተኛውን ማርሽ በጉልበቴ ደግፌ።