ግራው በኩል

ጓንጉል ብድሩን በብር አልከፈለኝም።
ቴሌ አብረን ስንሠራ የወሰደውን፣ «ሳይከፍል አይሞትም»
እያልሁ ስጠብቀው፣ አንድ ቀን ከአዘዞ በባጃጅ መጣና
ሁለት ካርቶን አውርዶ፣ «ይኸው» ብሎ ሄደ፤ ደረሰኝም፣ ምስጋና
ሳይጠብቅ። ከፍሎም፣ በሁለተኛው ወር አረፈ።

በአንዱ ማጉያው አለ፤ አራት ቫልቭ፣ የድንጋይ ክብደት።
በሌላው ማዳመጫው፤ የጃፓን ብልሃት።
እህቴ ብርቄ ዋጋውን ብትጠይቀኝ ነገርኋት፤
«ስንት በግ ነው?» አለች። «ሰባት» አልኋት፣ ቀንሼላት።

ውስጡ ያለው ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ላስቲክ ነው፤
በሁለት ወንፊት መሐል ተወጥሮ፣ አንዱንም የማይነካው።
አምስት መቶ ሰማንያ ቮልት የሚሸከም ጉድ፣ አንዲት አቧራ ገብታ
ሆድ ይብሰዋል፤ እንደ ተከፋ እንግዳ ሲጥ ሲጥ ይላል ማታ።

ስለዚህ ሥርዓት አለው።
መብራት ከመጣ፣ መጀመሪያ ስታብላይዘሩ፤ ቀጥሎ ማጉያው፤
ቫልቮቹ እስኪቀሉ ግማሽ ሰዓት፣
እኔም ጋቢዬን ደርቤ ከነሱ ጋር መሞቅ፣ ዝም ብሎ ማየት።
ልከፍተው ስሻ ደግሞ ነቅሎ መተው ነው፣ እስከ ነገ ጧት፤
ጠፍቶም ይናከሳላ! በካፓሲተሩ ሆድ ያደረ እሳት።
አንድ እጅ ከመለኪያው፣ አንድ እጅ ከኪስ። ይህን ያስተማረኝ
ያው ጓንጉል ነው፤ እሱ ግን ሁለቱንም ዘርግቶ ስንቴ አስደነገጠኝ።

መከራው ክረምት ነው። የጎንደር ሐምሌ በበር ስንጥቅ ይገባል፣
ግድግዳው ያልበዋል፣ ላስቲኩ ቮልቱን ያፈሳል፣ ድምፁ ይሟሟል።
ቅዳሜ ገበያ፣ ጫማ ነጋዴው ፈንታሁን ያውቀኛል፤
«ጋሼ፣ ዛሬስ ስንት?» ይላል፤ ከየካርቶኑ ለቅሞ ያኖርልኛል
እነዚያን «አይበላም» ተብሎ የተጻፈባቸውን፣
እርጥበት የሚመጥጡትን ትንንሽ ከረጢቶች።
ጫማ ገዝቼው አላውቅም።

ዘንድሮ ግራው ደከመ።
ቀኙ እንደ ወትሮው፤ ግራው ከወንዝ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ሆነ።
ቫልቮቹን አቀያየርሁ፤
መሰኪያውን በአልኮል አሸሁ፤
ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እንደ መቁጠሪያ፣ በጣቴ ዳሰስሁ።
ከረጢት በከረጢት አድርጌ ካርቶኑ ውስጥ ዘጋሁበት፣
መስከረም እስኪጠባ ታገሥሁት።
ክረምቱ ወጣ፤ ግራው አልወጣም።

ከዚያ አንድ ሌሊት፣ ከሁሉ አስቀድሜ ልሠራው የሚገባኝን፣
ለተለማማጆች ሠላሳ ዓመት ስነግር የኖርሁትን፣
ማዳመጫውን ገልብጬ አጠለቅሁት፤ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ።
ቀኝ ጆሮዬ ጠራ።
ድካሙ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም።
እቃው ምንም አልሆነም።

ለብርቄ አልነገርኋትም።
ቫልቮቹ እንደ ቀሉ፣ እኔም እንደ ተቀመጥሁ፣ ውሾቹ ጮኸው ጮኸው ተዉት።

በማግስቱ የልጅ ልጇን ስመኝን ጠራሁ፤ «እስቲ አንቺ ስሚው» አልሁ።
መሪጌታ ቢሰጥ በሁዳዴ በገና ሲደረድሩ፣ በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት የቀዳነው ነው።
ዓይኗን ጨፈነች። ከራሷ ይልቅ ማዳመጫው ይበልጣል።
«እንዚራው ይሰማኛል፣ ቆዳው ሲንቀጠቀጥ።
ጣታቸው ከአውታሩ ሲላቀቅ።
ሊጀምሩ ሲሉ ትንፋሽ ይስባሉ… ሁለቱም በኩል እኩል ነው፣ ጋሼ፣ ምኑ ተበላሸ?
ቆይ። ግራ በኩል አንድ ሰው አለ።
ያስላል። አፉን አፍኖ፣ እንዳይሰማበት።
ማን ነው?»

ሁለት ማይክ ነበረን፤ ቀኙን ጓንጉል፣ ግራውን እኔ ይዤ።
«ድገሚው» አልኋት።
ጉንፋን አሞኝ ነበር፣ ያን ቀን።