ሲካፈል ለሁለት

ወረቀቷ ቢጫ፣ ጠርዟ ቅባት የጠጣ፣
ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ከግድግዳው ተልጣ
በካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከኔ ጋራ የወጣች፣
«ለሦስት መቶ ልጆች» ብላ ትጀምራለች።

ሥጋ ስድሳ ፓውንድ፤ ሽንኩርት አንድ ከረጢት፤
የቲማቲም ድልህ በትልቁ ጣሳ ስምንት፤
ሰናፍጩ በጆግ፣ ቡኒ ስኳሩ በሳፋ፤
ቁንዶ በርበሬ ደግሞ አንድ ሙሉ ጭልፋ።
ጨው ላይ ቁጥር የለም፤ «እስኪበቃ» ይላል፤
የኔው ጽሕፈት ነው፣ ወደ ግራ ያዘነብላል።

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ሐሙስ በመጣ ቁጥር፣
ፀጉሬን በመረብ አስሬ፣ ከምድጃው ጋር ስማከር።
አስተማሪ አይደለሁም፣ ስም ጠርቼ አላውቅም፤
ሐሙስ ግን፣ ልንገራችሁ፣ ቀሪ ልጅ አይገኝም፤
ጉንፋን የጣለውም፣ ጥጃ ሲያዋልድ ያደረውም
ትሪውን ታቅፎ ይሰለፋል፣ አፍንጫው እንደ ቀላ፣
ስጎው እስከ ክርኑ እየወረደ ሊበላ።

ዛሬም ሐሙስ ነው። የነብራስካ ጥር፤
በረዶው መስኮቱን እስከ ወገቡ ቀብሮታል።
ልጆቹን አውቶቡስ አርባ ማይል ይወስዳቸዋል፤
እዚያ ምሳው በፕላስቲክ ታሽጎ ይመጣል ይባላል።

ዴልማር፣ ካልሲው ተቀዶ፣ አውራ ጣቱ ወጥቶ፣
«ላቮን» አለኝ ከወንበሩ፣ ጋዜጣውን ትቶ፣
«ያን የሐሙሱን ሥሪልኝ። ለሁለት ሰው። ለእኔና ላንቺ።»
እውነቱን ነው። አገር ሲበላው እሱ አልቀመሰውም፤
ማታ ክንዴ ዝሎ ስገባ
ከእንቁላል ጥብስ ሌላ አይቶ አያውቅም።

እርሳስ አነሣሁ። በመብራት ቢል ጀርባ፦
ስድሳ ሲካፈል ለመቶ ሃምሳ፣ ግማሽ ፓውንድ አይገባ፤
ሽንኩርቱ ግማሽ ራስ፤ ድልሁ ግማሽ ኩባያ ከምናምን፤
የጭልፋ መቶ ሃምሳኛ በየትኛው ጣት ይመጠን?
«እስኪበቃ»ስ?
«እስኪበቃ» ለሁለት ይካፈላል?
ዴልማር ከሳሎን «ሸተተኝ» ይላል፣
ገና ምድጃው ሳይለኮስ።

እጄ ሒሳብ አልተማረም።
ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ሥጋ ሁሉ ድስቱ ላይ ገለበጠ፤
አራት ራስ ሽንኩርት ከተፈ፣ አፍንጫዬ ቀለጠ።
ጓል ጓሉን በማማሰያ ሰባበረ፣ ስቡን አጠለለ፣
ድልሁን ከሰናፍጩ፣ ኮምጣጤውን ከስኳሩ ቀላቀለ።
እሳቱን ዝቅ።
ጠብቅ።
ማማሰያው ያለፈበት መንገድ ወዲያው ካልተከደነ፣
ስጎው ሆነ።
ዳቦው ውስጥ ውስጡን ብቻ በቅቤ ይጠበስ፤
አለዚያ እጅ ላይ ነው የሚርስ፣ ጭን ላይ ነው የሚፈርስ።

ዴልማር ሹካ አነሣ።
ሹካ!
«ክርንህን ጠረጴዛው ላይ። እጅጌህን ሰብስብ። አጎንብስ።»
ነከሰ።
አገጩ ቀላ፣ ሸሚዙ ቀላ፣ ሁለተኛውን ጨረሰ።
«ይሄን ነው» አለኝ፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት የደበቅሽኝ?»

ድስቱን አየሁት። ገና እስከ አፉ ነው።
ማካፈል አልኩ እንጂ ማሳነስ መች አልኩ?
ማዶ ላሉት ለሚስዝ ቮስ ደወልኩ፤
ከሁለት እህቶቻቸው ጋር መጡ፣ በአንድ ዣንጥላ።
ፖስተኛው ቆሞ በላ፣
አንዱን ጓንት አውልቆ፣ ሌላውን ሳያወልቅ።
ማታ አራት ሰዓት ላይ የድስቱ ብረት ታየ።
ቀሪ፦ አንድ።

በፎይል ጠቅልዬ ምድጃው ጫፍ አኖርኩት።
ከመታጠፊያው የበረዶ መጥረጊያው መኪና
ቢጫ መብራቱን እያሽከረከረ ብቅ አለ።
ኤልደን ነው። አራተኛ ክፍል ሳለ
ሐሙስ ሐሙስ ሁለቴ ይሰለፋል፤
ሁለተኛውን የሌላ ልጅ ኮፍያ ደፍቶ፣ ድምፁን አጎርንኖ፤
እኔም «አዲስ ተማሪ ነህ?» እለውና
እጨልፍለታለሁ፣ ከበፊቱ አብልጬ።

ሞተሩ ቆመ። በረንዳው ላይ ጫማውን አራገፈ።
ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቷል።
በሩን ከፈትኩ።
«አዲስ ተማሪ ነህ?»