የጉልበት ሎሚ

ሐኪሙ ፊልሙን ከመብራቱ ላይ ሰቀለ፤
«እዚህ ጋ ክፍተት ነበረ፣ ዛሬ ግን የለም» አለ።
ሁለቱ አጥንቶች ግንባር ለግንባር ገጥመው፣
እንደ ወፍጮና መጅ፣ መሀላቸው እህል ሳይኖር፣
ባዶ ለባዶ ሲፈጩ ከርመው።
እንደ መስጊድ ምንጣፍ ሳስቷል ልም አጥንቱ፤
የሰባ ዓመት ስግደት፣ የሰባ ዓመት ደረጃ ነው ምክንያቱ።

ኡም ሱሌይማን «ብረት» ሲላት ፊቷን አዞረች፤
«ጌታዬ የሰጠኝን ቆርጬ ልጣል?» ብላ አኮረፈች።

ቤት ገባን። መጥራህ። ቤታችን ዐለቱ ላይ ተለጥፎ፣
አርባ አንድ ደረጃ ከባሕሩ ተነስቶ ሽቅብ ተጣጥፎ።
የነሐሴ አየር እንደ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ ይጣበቃል፤
ወደቡ ላይ መርከብ ያገሳል፣ ኤሲው ያለቅሳል።

ማድ ቤት ገብቼ ከቆርቆሮው አንድ ሉሚ አነሳሁ፤
ለሩዝ የምንቀቅለውን፣ ጥቁሩን፣ የደረቀውን፣ ይዤላት ወጣሁ።
«እማማ፣ በኔ አገር ቋንቋ የጉልበት ክዳን
‹ሎሚ› ነው የሚባለው፤ ስሚኝማ።»
ከጆሮዋ አስጠግቼ ነቀነቅኩት፤ ኮሽ፣ ኮሽ።
«ትኩስ ሳለ ውሃ ነበረው። አሁን ፍሬው ብቻ ነው የሚንኳኳው። ሰማሽ?»
ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች፣ ያንን ጥርስ አልባ ሳቋን፤
ማታ ለልጇ ደወለች፦ «ይቀይሩት ሎሚውን።»

በኛ ቋንቋ ጉልበት ሁለት ነው፤
አንዱ የሚታጠፈው፣ አንዱ የሚሸጠው።
የቱን ሸጬ እንደመጣሁ ውሉ ላይ አልተጻፈም፤
ደላላውም አልጠየቀኝ፣ እኔም አላሰብኩም።
እሱ የቀየረው ስሜን ነው፤ ደጅይጥኑ ነበርኩ፣
ሐያት ሆኜ አውሮፕላን ተሳፈርኩ።
መጀመሪያ ይጎረብጠኝ ነበር፤ ሲጠሩኝ እዘገያለሁ፤
ዛሬ በእንቅልፌም «አቤት» እላለሁ።

ያለቀውን ገፈው፣ አጥንቱን ብረት አልብሰው፣
መሀሉ ላይ ፕላስቲክ አንጥፈው ሰፉት መልሰው።
በማግስቱ የእንቅስቃሴ ሐኪሙ፣ ፊሊፒኒያዊው ሮሜል፣
«ተነሺ» አላት፤ እሷም «ልትገድለኝ ነው?» ስትል፣
በብብቷ ገብቼ አቆምኳት። አንድ እርምጃ። ሁለት።
ሦስተኛው ላይ አለቀሰች፤ እኔ ቆጠርኩላት።

ስድሳ ዲግሪ። ሰባ አምስት። ዘጠና ለመድረስ አርባ ቀን፤
በረዶ አስሬ፣ አጥፌ፣ ዘርግቼ፣ ጠዋትና ማታ ሁለታችን።
እየሰደበችኝ ታጠፈች፣ እየመረቀችኝ ተዘረጋች።
በረመዳን ቆማ ሰገደች፤ ሱጁዱን ግን በወንበር፤
«ብረቱ ኩራተኛ ነው፣ አይንበረከክም» ብላ ቀለደች።

«እንደ ስም ነው» አልኳት አንድ ቀን፣ «ይኼ ብረት፤
ይጎረብጣል መጀመሪያ፣ ኋላ ያንቺ ነው የሚሆንልሽ በድንገት።»
የማንን ስም እንደሆነ አልጠየቀችኝ፤ አልነገርኳት።

አርባ አንድ ደረጃ፣ በቀን ስንቴ? አሥራ አራት ዓመት።
የውሃ ጋሎን፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ ታጥቦ ያልደረቀ ምንጣፍ፣ የዓሣ ቅርጫት።
ሃያ ሦስተኛው ላይ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይንኳኳል፤
ጠዋት ጠዋት ጉልበቴ እንደ ዛገ ማጠፊያ ነው፣ ልመና ይፈልጋል።
«ምንድን ነው ኮሽታው?» ብላኝ ነበር፤ «በሩ ነው» ብያት፣
ማጠፊያውን ዘይት ቀባሁት፣ ውሸቴ እውነት እንዲመስላት።
የኔ የኢንሹራንስ ካርድ ጉንፋንና ጥርስ ነው የሚያውቀው፤
ሁለት ጊዜ አስነብቤዋለሁ፣ ያው ነው።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ፣ ከገበያ ዓሣ ይዤ ስወጣ፣
ኡም ሱሌይማን ሃያ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ተቀምጣ።
በብረቷ፣ ብቻዋን፣ አሥራ ስምንት ደረጃ ወርዳ።
መዳፏን ዘረጋች፤ ጥቁር ሉሚ።
ከጆሮዬ አስጠግታ ነቀነቀችው፤ ኮሽ፣ ኮሽ።
«በሩ ነው ያልሽኝ ይኼ ነው? ውሸታም ነሽ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዓሣው ውሃውን ያንጠባጥባል።
ታች፣ ወደቡ ላይ፣ መብራቶቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ።
ለመነሳት ማን ማንን እንደሚደግፍ
ገና አልተስማማንም።