የበሩ አቅጣጫ

ጥር ነበር፤ ማይለን፣ ሚኒሶታ ዳር፣
በረዶ ከመስኮት እኩል ተከምሮ ሲያድር፣
በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ጠረጴዛ ዘርግቼ፣
ስምንት በጎ ፈቃደኞች ዙሪያውን ጠርቼ፣
ንድፌን ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጠፍኩ፤
ሃያ ዓመት ጉድጓድ ሳስቆፍር ኖሬ፣ የማላውቀው የለም አልኩ።

በሰኔ ቹክ ይወርዳሉ፣ ከባሕር እኩል ወዳለች መንደር፣
ሽንት ቤት ሊሠሩ፣ ከሰዎቿ ጋር ሊያድሩ፣ ሊማሩ ነበር።

«ከውሃው ጉድጓድ ሠላሳ ሜትር ይራቅ፤
ጣራው ቆርቆሮ ይሁን፣ ቧንቧው ከጣራው ይላቅ፤
ወለሉ ሲሚንቶ ይሁን፣ ለማጠብ እንዲቀል፤
ሁሉም ከሩቅ እንዲያየው፣ በሩ መንገድ ዳር ይዋል።»

ኤርሚና ከኋላ ወንበር፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣
የዶሮ ፋብሪካው ቦቲ እግሯ ላይ እንዳለ፣ ግማሽ አንቀላፍታ፣
እጇን አወጣች። «በሩ» አለች፣ «ወዴት ነው ያልከው?»
«ወደ መንገዱ።»
«ታዲያ ማን ሊገባው ነው?»

ወጣቱ ዱዌይን ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።
ወንበር ስባ አስቀመጠችው፤ ወንድሟን አልጠራችም፤
ማዛዎ ደጅ ነው፣ በረዶ ይዝቃል፤ ይህ ወሬ እስኪያልቅ ድረስ
ጣቱ ቢቆረጥ አይገባም፣ ነውር ጆሮው እንዳይደርስ።

«ይህ ወንድሜ ነው እንበል፤ መረቡን እየጠገነ
መንገድ ዳር ተቀምጧል፤ የኔ ሆድ ደግሞ ጨከነ።
በኛ ደሴት እህት ወንድሟ ፊት ቀጥ ብላ አታልፍም፤
ጎንበስ ትላለች። እሱ እያየኝ እዚህ ቤት አልገባም።
እስኪመሽ ድረስ እይዛለሁ፤ ካልሆነም ባሕሩ አለ።
ያንተን ቤት ሸርጣን ወረሰው፣ ቆርቆሮውም ዛገ፣ ዋለለ።»

ዝም አልን። ማሞቂያው ብቻ እንደ ሽማግሌ ሳለ።
ሜትሩ ልክ ነው። ቧንቧውም። ቁጥሬ አንድም አልጎደለ፤
እፍረት ስንት ክንድ እንደሚሆን ግን ንድፌ ላይ የለ።

ከዚያ ወዲያ መምህሯ እሷ፣ እኔ ተማሪ ሆንኩኝ።
አንሶላ በገመድ ሰቅለን ቤት አልነው፤ ወንበሩን ዛፍ አልኩኝ።
«ሂዱ፤ ግን አትሂዱ» አለች፤ «ወዴት እንደሆን አይታወቅ፤
ቅርጫት ያዙ፣ እንጨት ልቀሙ፤ መንገዱ ይጠምዘዝ፣ ይራቅ።»

ጡረተኛዋ ነርስ ሶልቬግ፣ በሕመምተኛ ሁሉ ፊት
«ዛሬስ ወጥቶልሃል?» ስትል አርባ ዓመት የኖረች በድፍረት፣
ባዶ ቅርጫት ታቅፋ፣ እስከ አንገቷ ቀልታ፣
ሦስቴ ሳተች፤ በአራተኛው ጠፋችብን፣ ሳናያት ገብታ።

ከሰዓት፣ ለልምምድ ብለን፣ ዶማ ይዘን ወጣን።
መሬቱ እንደ ደወል ጮኸ፤ ጣት የማያክል ቆፈርን።
ማዛዎ ጢሙ ውርጭ ለብሶ፦ «እኛ ዘንድ ክንድ ሳትምስ ውሃ ብቅ ይላል፤
እዚህ ደግሞ ክንድ ሳትምስ ብረት ይመልስሃል።»
«ጉድጓድ አታርቀው» የሚለውን የእናቴን ተረት ነገርኩት፤
የምቀኛ ምክር ይመስለኝ ነበር፤ የደሴት መሆኑን ያን ቀን አወቅኩት።

ማታ ሾርባ እየጠጣን፣ ንድፉን በላጲስ ፍቄ
መንገዱን ሳጠማዝዘው፣ በሩን ከቁጥቋጦ ደብቄ፣
ኤርሚና ተነሣች። ባዶ ሳህን ይዛ፣
ኮሪደሩ ጫፍ ወዳለው በር፣ በዝግታ፣ እንደ ዋዛ።
ማዛዎ ስለ ዓሣ ጀመረ። ዱዌይን፣ ያ ሳቂታ፣
ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ሶልቬግም፣ ሌሎቹም፣ በአንድ አፍታ።
ስምንት ሰው በረዶ አየ፤ ጨለማ ነበር፣ ምንም።
እኔ እርሳሴን ጣልኩ፤ ጠረጴዛ ስር ፈልጌ አልጨረስኩም።

ስትመለስ ሳህኑ በእጇ ነበር።
የሄደ ሰው አላየንም።