የወል ቤት

ዚቫ የምትባል መምህርት፥ ቂርያት ጋት፥ በሚያዝያ፥
ሰሌዳው ላይ ሣለች ጣራና መዝጊያ፤
«ባይት» አለች ጮክ ብላ፥ ጠመኔዋን አንሥታ፥
አሥራ አምስት ሽማግሌ አፍ አፉን ተመልክታ።

አባቴ እንግዳው ሳቀ።
«ይችን እንኳ ይዘናት ነው የመጣነው» አለ።
«በሱዳን በረሃ ድስቱ ሲጣል፥ ውሃው ሲያልቅ፥ አህያው ሲቀር፥
ይች ከምላስ ሥር ነበረች። ክብደት የላት፥ ማን ወርውሩ ሊለን ነበር።»

ፊደሏን ጻፈችለት። ቤት ይሏታል እነሱም።
በግራ በኩል ግድግዳ የላትም።
«ምነው፥ ፈረሰባት?» ቢላት ዚቫ አልገባትም።
በጣቱ የኛይቱን ጻፈ፥ በጠመኔው አቧራ፥
ሁለት እግር፥ አንድ ጣራ፤
በ።
ከታች ክፍት። ስሟም ያው፤ አልፍ፥ ቤት፥ ገምል።
«የጥንቶቹ» አለ ወደኔ ዞሮ «ባንድ ግቢ ሳይኖሩ አልቀሩም፤
አንደኛው በሩን በጎን አወጣ፥
ሌላኛው ወለል ማንጠፉን ረሳ።»

ማታ ቄስ አየልኝ ነገሩን፦ በግዕዝ «ቤተ» ማለት «አደረ» ነው፤
ሥሩ ማገር አይደለም፥ ግንብም አይደለም፤
ሌሊቱን ካነጋህበት፥ ቤት ነው።
ተቀምጠን ቆጠርን። የሱዳኑ ድንኳን፥ አራት መቶ ሌሊት፤
ነታንያ ያለው ሆቴል፥ እናቴ አሳንሰሩን ፈርታ ያለቀሰችበት፤
ካራቫኑ፥ ዝናብ ቆርቆሮውን እንደ ማሽላ የሚወቃበት።
የቀረውን ቤት ይቁጠረው።
እንዴት አደራችሁ፥ እንዴት አደራችሁ ስንባባል ኖረን፥
ለካ ጧት ጧት ቤት ነበር የምንጠያየቀው።

ደግሞ ይሄም አለ፦ ቤት ሴፈር ይላሉ፥ ቤት ምሽፓት ይላሉ፤
እነሱ አስቀድመው ቤቱ ውስጥ ይገባሉ።
እኛ ትምህርት ብለን፥ ፍርድ ብለን፥
ዙረን ዙረን፥
ቤት የምንደርሰው መጨረሻ ላይ ነው።

መሽካንታው ተፈርሞ ቁልፉ የተሰጠን ዕለት
(የሃያ ስምንት ዓመት ዕዳ፥ አራተኛ ፎቅ፥ በእግር)
ዘመድ ደረጃውን ሞልቶ ጮኸ፦ «ቤት ለእንቦሳ!»
«እንቦሳ እሰሩ!» አለ አባቴ፥ ቃሉን ሳይረሳ።
ከዚያ ዝም አለ። ዞር ዞር ብሎ አየ።
እንቦሳ የለ፥ ካስማ የለ፥ በረንዳው ሁለት ክንድ።
ገመድ ፈለገ። ብስክሌቴን፥ ቀዩን፥ ጎማው የተነፈሰውን፥
ካንገቱ ጠምጥሞ ከብረቱ አሰረው።
«ይኸው» አለ። «ታሰረ።»
ፎርቱና፥ የፊት ለፊት ጎረቤታችን፥ ከበሯ ቆማ ምንድን ነው ብትለኝ
«ጥጃ ነው» ብዬ ተረጎምኩላት። ሌላ ቃል አልመጣልኝ።
ገብታ ወጣች።
ውሃ በሣህን ይዛ መጣች፥ ለጥጃው።

አሁን ከፋብሪካ ስመለስ፥ ማታ፥ ግጥም እጽፋለሁ።
በዕብራይስጥ የግጥሙ አንጓ ባይት ነው፤
በኛ ስንኙ ሲገጥም ቤት መታ ይባላል፤
ልኩም ቤት ነው፥ ስድስት በስድስት፥ የወል ቤት።
ኪራይ የለው፥ መሽካንታ የለው፥
የወል ነውና ባለቤት የለው።
አድሬበታለሁ። አንዳንድ ሌሊት ቤት አልመታ ይለኛል፤
እተወዋለሁ እንደ ዚቫ ፊደል፥ ባንድ በኩል ክፍቱን።

አባቴ በታኅሣሥ አረፈ፥ እዚህ ዝናቡ በሚጥልበት።
ድንጋይ ጠራቢው ሚሞን ሒሳቡ በፊደል ነው።
አንዱን መስመር በነሱ፥ አንዱን በኛ ጽፌ ሰጠሁት፤
አማርኛ አያውቅም፥ እንደ ሥዕል ነው የሚገለብጠው።
«እንግዳው»ን ጨረሰ። «በላይ» ላይ ሲደርስ መሮውን አቆመ።
«ይች ምንድን ናት፥ ጠረጴዛ?»
«ቤት ናት» አልኩት።
«ባይት?»
«ባይት።»
መነጽሩን ጠረገ፤ ሁለቱን እግሮች ጠለቅ አድርጎ ወቀራቸው።

ባንድ ድንጋይ ላይ ሁለት ቤት አለው፤
አንዱ በግራ ክፍት ነው፥
አንዱ ወደ አፈሩ።