የግድግዳው ገጽ

ሃያ ሦስት ዓመት ክንዴን ዘርግቼ፣
መጽሐፍ ይዣለሁ ለልጆች ከፍቼ።
ጀርባው ወደ እኔ፣ ሥዕሉ ወደ እነርሱ፤
ከፊት የተቀመጡት ብቻ ነበር የሚደርሱ።
ከኋላ ያሉቱ አንገት እየሳቡ፣
ሌላው ሲያነብ፣ እነርሱ አነቡ።
ወላጆቻቸው ደግሞ ከካፖርት መስቀያው ሥር
ስልካቸውን ገልጠው፣ ባቡር እንደሚጠብቅ ሰው፣ ሰዓት ሲቆጥሩ ነበር።

ዘንድሮ ከማዘጋጃ ቤት አንድ ሣጥን መጣ፣
በአንድ ዓይኑ ብርሃን የሚያወጣ።
እውነት ልናገር፣ ደሜ ነበር የፈላ፤
«ጣት ገጽ ካልገለጠ፣ ተረት ምን ሊሆን ኋላ?»

ጥር ነው። ሰሜን ፊንላንድ፣ ከባሕሩ ዳርቻ፤
ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ በመስኮቱ ጨለማ ብቻ።
የልጆቹ ቦት ጫማ በር ላይ በረዶ ያለቅሳል፣
እርጥብ የሱፍ ካልሲ ክፍሉን ሽታ ያለብሳል።
ሣጥኑን በሦስት አሮጌ መዝገበ ቃላት ከፍ አደረግሁት፣
(ማንም የማይጠይቃቸው፣ ሥራ አገኙ) መጋረጃውን ዘጋሁት፣
ፋኖስ የዋጠውን የዓሣ ተረት ነጩ ግድግዳ ላይ ደፋሁት።

የመጀመሪያው ሳምንት ውርደት ነበረ፤
ፊደል አጭቄበት ግድግዳው ሰከረ።
«ራይሊ፣ ዓሣው የታል? ይሄ ጉንዳን ነው!» አለኝ
ኡርሆ፣ የአራት ዓመቱ፤ እውነቱ ገደለኝ።
ማታ ቤቴ ገብቼ ቃል እንደ እንክርዳድ ለቀምኩ፣
ከአሥሩ መስመር ዘጠኙን ደመሰስኩ።
በአንድ ገጽ አንድ ዓሣ፣ ከሥሩ አንድ መስመር፣
ፊደሉ እንደ በር ሰፊ፣ ሰው ገብቶ የሚሻገር፦

«ዋጥ አደረገና ምንም አልቀረው፤
አሁንስ ምን ዋጠ? እስቲ ንገረው!»

ሳምፖ የሚባል አለ፣ የቱይስኩ አባት፣
በረዶ ሰባሪ መርከብ ላይ ሜካኒክ፣ ቃል ማውጣት እንደ ግብር የሚከብድበት።
በሦስት ክረምት «ደህና ዋሉ»ን ብቻ ነው ከአፉ የሰማሁ፤
አንዴ መጽሐፍ ብሰጠው፣ «እኔ ለልጄ ነው የመጣሁ።»
ያን ሐሙስም ከካፖርቶቹ መሐል እንደ ካፖርት ቆሞ
እጁን ወደ ስልኩ ሰደደ፤ ተወውና፣ ቀና አለ ደግሞ።
ግድግዳው ላይ ያለው ቃል እርሱም ዘንድ ደርሷል፤
መነጽሩን የረሳ ዓይን እንኳ ያነበዋል።

ሰባተኛው ገጽ ላይ፣ ዓሣው ጀልባ ሊውጥ
አፉን ሲከፍት፣ ልጆቹ ጮኹ፦ «ዋጥ!»
ከዚያ ከበስተኋላ፣ ወፍራም፣ የዛገ ድምፅ፦
«ዋጥ»፣ አለ ሳምፖ፣ በቀስታ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ከገጽ።

ቱይስኩ ዞረች።
አንገቷ ብቻ አይደለም፣ መላ አካሏ ዞረች፤
ግድግዳውን ረሳች፣ አባቷን አነበበች።
ብድግ ብላ ስትሮጥ፣ ብርሃኑን አቋርጣ፣
ጥላዋ እንደ ዓሣ ነባሪ ግድግዳው ላይ ወጣ፤
ዓሣውን፣ ጀልባውን፣ ፋኖሱን ጠቀለለ።
መመሪያው ግን ከጨረሩ ፊት ማለፍ ከለከለ።
ልቆጣ አፌን ከፍቼ፣ ቃሌን ዋጥኩት እኔም፤
«ቱይስኩ በላችው!» አለ ኡርሆ። ከዚህ የተሻለ ገጽ ሠርቼ አላውቅም።

ከዚያማ ማን ይያዘው! የኡርሆ አያት ሂልካ
ምርኩዟን ወደረች፣ በጥላው ጅራቱን ልትነካ፤
ቋንቋውን ገና የምትማር የሞሱሏ ሩዋይዳ
መስመሩን አየር ላይ በጣቷ ተከተለች፣ የቤቱን ቁጥር እንዳገኘ እንግዳ።

መጽሐፉን አልጣልኩትም፤ ጉልበቴ ላይ ተኝቷል፣
ጥጉን የልጅ ጥርስ በልቶታል፤
ልዳስስህ ለሚለው እጅ ይጠብቃል።
ክንዴ ግን ነፃ ወጣ። ዛሬ ያጨበጭባል።

ስምንተኛው ገጽ ላይ ሳንደርስ ሰዓቱ አለቀ።
ሣጥኑን አጠፋሁ፤ ግድግዳው ግድግዳ ሆኖ ደረቀ።
መጋረጃውን ስስብ፣ ከባሕሩ ጥግ፣ በበረዶው ላይ፣
አንዲት ሮዝ መስመር ብቻ ተገለጠ።
ሳምፖ በሩ ጋ ቆሞ፣ ኮፍያውን እያጠማዘዘ፦
«ግን... ቀጥሎ ምን ዋጠ?»