በነጥቧ ውስጥ

ከደመናው በላይ የምትዞር ዕቃ፣
ብርሃንን ሁለት መቶ ቦታ ሰንጥቃ፣
እኛ «አረንጓዴ» ብለን ያለፍነውን ቅጠል
ስትመረምር ከርማ፣ ውሃው ገና ሲጎድል፣
ደም ስሩ ሲታፈን፣ ላዩ ሳይገረጣ፣
ከቀዩ ቀለም ማዶ ምልክቱ ሲወጣ
አየችው፤ ነገረችኝ። እኔ፣ ባሪ ሆኜ፣
ስክሪን ላይ ዝቅ ያለች አንዲት መስመር አምኜ፣
ወረቀት አጣጥፌ ተነሳሁ በጠዋት፣
ሳሌንቶ፣ ኮዚሞ ዘንድ፣ ላረዳ የዛፍ ሞት።

በመንገዱ ግራ ቀኝ የደረቀው ወይራ
እንደ ከሰል ምሰሶ ቆሟል በተራ በተራ።
እዚህ ሳተላይት አያሻም፤ ማንም ያየዋል፤
ዘግይቶ የሰማ ሰው ግንድ ሲቆጥር ይውላል።

የኮዚሞው ግን ሌላ ነው፤ ግንዱ የተጠማዘዘ፣
አናቱ ላይ ብር መሳይ ቅጠል ያረገዘ።
ሽማግሌው አንዱን በጥሶ በጥርሱ ነከሰ፤
«መራራ ነው፤ ደህና ነው» ሲል መለሰ።
«ስንት ነው ያቺ ዕቃህ፣ የዓይኗ ብዛት?»
«ሁለት መቶ።»
          «የኔ ሁለት፤ አንዱ ሞራ አለበት፤
ግን ሰማንያ ዓመት ይህን ዛፍ አየሁት።»

ካርታውን ዘረጋሁ። ዛፉን ሲፈልገው
አንዲት ቀይ ነጥብ ናት ጣቴ የጠቆመው።
«ይቺ መሬት ላይ ስንት ናት?»
          «ሠላሳ ሜትር በሠላሳ።»
ኮፍያውን አነሳ፣
እየቆጠረ ሄደ፣ ከወይራው እስከ ጉድጓዱ፣
ከጉድጓዱ እስከ በሩ፣ ዞሮም እስከ ግንዱ።

«ስማ እንግዲህ» አለኝ፣ ትንፋሹ ሲመለስ፣
«ቤቴም ነጥቧ ውስጥ ነው፤ ውሻዬም፤ እስከ ራሴ ድረስ።
አዶሎራታ ካረፈች ሁለት ክረምት ሆነ፤
ላዬ ደህና መስሎ ውስጤ መነመነ።
ምናልባት ያ ቀለም፣ ያ በሽታ፣ እኔ ነኝ፤
ታዲያ በምን ለይተህ ዛፉ ነው አልከኝ?»

መልስማ ነበረኝ፤ ቅይጡን የሚለይ ቀመር፤
እሱ ፊት ቆሜ ግን አልደፈርኩም ልናገር።

ናሙናው ተመረመረ፤ በሽታው ነበረ።
መጋዝ በጥቅምት መጣ፤ እስከ ቀትር ጮኸና ቀረ።

አዲሱ ምስል ሲደርስ ያቺን ነጥብ አየሁ፤
«ባዶ መሬት» ይላል። ልክ ነው፤ ምን እላለሁ።
ትናንት ደውዬ ነበር፤ ቀትር ላይ አነሳ፤
«ጥላው ሥር ነኝ» አለ፣ «ወንበሬ ላይ፤ አሁን በላሁ ምሳ።»

ሁለት መቶውን ቀለም
አንድ በአንድ ፈተሽኩ፤ ወንበር የሚል የለም።